ሃንድአውት ከማረም ኮምፒውተር ማስረጀት

"ይሄን ኮድ እውነት አንተ ነህ የጻፍከው?" አለኝ መምህሩ ዛሬ፣ ክላሱ ሁሉ እየሰማ።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴን እያቀረብኩ ነበር። ላፕቶፔ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም የላቡ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል አልሆን ብሎ ስክሪኑ በኤረር ተሞላ።

ስፈትሽ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው አዲሱ ኮምፓይለር ተጭኗል፤ በራሱ እንዲነሳ ዲፎልት የተደረገው ግን አሮጌው ነው!

የላብ ረዳቱን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የእኚሁ መምህር የድሮ ሃንድአውት ላይ ያሉት ኮዶች በአዲሱ አልሠራ ሲሉ፣ ወደ አሮጌው መልሱት አሉን።"

ሃንድአውቱን አርሞ አይገላገልም?!

ወደ አዲሱ ቀየርኩት፤ ወዲያው ሠራ። መምህሩ ይቅርታ ሊለኝ? እሱ እቴ! "ቀድመህ አትፈትሽም ነበር?" ብሎኝ ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።

ብርዳማው ጨንቻ ብወጣም የማይበርድ ንዴት ነው የያዘኝ።

በሌላ ሰው ስንፍና ኮራጅ ተብላችሁ የምታውቁ፣ እስቲ ኮሜንት ላይ ኑና አብረን እንናደድ። እኔ ከላብ ስወጣ ረዳቱ ወደ አሮጌው እየመለሰው ነበር።