የቅቤ ተራና የማዘጋጃ ቤት ወንበር

አቶ ጴጥሮስ ላሬቦ በሆሳዕና ከተማ በር፣ መስኮትና የሬሳ ሣጥን የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ለሦስቱም የሚጠቀሙበት መለኪያ አንድ፣ የሚያሳዩትም ፊት አንድ ነበር። ትውልዳቸው ከሞርሲቶ አጠገብ ሲሆን ሙያውን የተማሩት ከሚስዮን አናጢዎች ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ የቤት ግብር የሚከፍል ባለቤት ሁሉ ለማዘጋጃ ቤት ጉባኤ የሰፈሩን ወኪል ይምረጥ በተባለ ጊዜ፣ ማንም ሳይለምናቸው እጩ ሆኑ። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ጅምር ስለማልወድ ነው» ይሉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ የሚያገኛትን ጥቂት ገንዘብ ማንም እንዳይቀየም ሲል ለየሰፈሩ እኩል ያከፋፍላል። ስለዚህ አንዱ ሰፈር መውረጃ የሌለው ቦይ፣ ሌላው መብራት የሌለው ምሰሶ፣ ሦስተኛው ግድግዳ የሌለው ቄራ ነበረው። የአቶ ጴጥሮስ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ስለሆነ የደረሰው የድልድይ መሠረት ነው፤ በወዲህኛው ዳር የቆመ፣ ከወዲያኛው ዳር ጋር የማይተዋወቅ የድንጋይ ክምር። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ይሞላና ሰፈሩን ከገበያውም ከሐኪም ቤቱም ይቆርጠዋል። አምና ምጥ የያዛት ሴት ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ስትጠብቅ ልጇ ተወለደ፤ እርሷ ግን አልተረፈችም። ሣጥኗን የሠሩት አቶ ጴጥሮስ ናቸው።

የዚህ ችግር መላ የተገለጠላቸው በገዛ ጓሯቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣቢታ የጎረቤት ሴቶች የሚገቡበት የዊጆ ሰብሳቢ ነበሩ። የአንዲት ላም ቅቤ ለብቻው ከወጥ ማጣፈጫ አያልፍም፤ ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ በየጊዜው ቅቤያቸውን ሰፍረው ለአንዷ ይሰጣሉ፣ ባለ ተራዋም ለድግስ ወይም ለገበያ የሚበቃ ማሰሮ ሙሉ ይዛ ትሄዳለች። ቀድማ የምትወስደው በብርቱ የቸገራት ናት። ሰብሳቢዋ መጨረሻ ትወስዳለች፤ የራሷ ተራ ያለፈላት ሰብሳቢ የሰው በር ማንኳኳት ይታክታታልና። አቶ ጴጥሮስ ይህን ከተጋቡ ጀምሮ ሲያዩ ኖረው፣ መንግሥትን ይመለከታል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ የሰፈሩ ባለቤቶች እጩዎቹን ለመስማት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ተወዳዳሪያቸው አቶ ወንዳፈረው ገብረ ሥላሴ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አስቀድመው ተናገሩ።

«ብመረጥ በመጀመሪያ ድልድይ፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ ቧንቧ» አሉ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ወንዳፈረው የተናገሩትን ሁሉ ከልባቸው የሚያምኑ ደግ ሰው ነበሩ።

አቶ ጴጥሮስ ተነሥተው የዓመቱ ገንዘብ በሙሉ በተራ ለአንድ ሰፈር ይሰጥ አሉ። መጀመሪያ የገበያ ሰፈር ቦይ ይፈጸም፤ የገበያው እድፍ ከተማው ሁሉ ወደሚጠጣው ምንጭ ይወርዳልና። ከዚያ ቄራው፣ ከዚያም ሌሎቹ እንደ ችግራቸው።

«የእኛስ ድልድይ?» አለ ብዙነህ የሚባል የእህል ነጋዴ ከኋላ።

«መጨረሻ።»

«ጋሼ፣ የማን ወኪል ሊሆኑ ነው የቆሙት?»

«የእናንተ። ሐሳቡን ያመጣ ሰው ቀድሞ ከወሰደ ሌላው አያዋጣም።»

«መቼም ሣጥን የሚሸጥ ሰው ድልድይ አያስቸኩለውም።»

አዳራሹ ሳቀ።

«ወንዝ የወሰደው ሰው ሣጥን አይፈልግም» አሉ አቶ ጴጥሮስ። «ብዙውን ጊዜ ራሱም አይገኝም።»

አቶ ወንዳፈረው በትሕትና እጃቸውን አነሡ። «ይህ አሠራር ከየትኛው ሕግ የተወሰደ ነው?»

«ከዊጆ።»

ሳቁ እንደ አዲስ ተጀመረ። ከጥቂቶች በቀር በዚያ አዳራሽ ሚስቱ ዊጆ የማትገባ ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ቅቤውን ከመብላት አልፎ ተራው እንዴት እንደሚወጣ የጠየቀ ባልም አልነበረም። አቶ ጴጥሮስ ሁሉም ያውቃል ብለው ሳያስረዱ ተቀመጡ።

ቤት ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል።

«የገነቴ አባት» አሉ ወይዘሮ ጣቢታ፣ «በእኔ ሥራ ስትናገር ምነው ሳትጠይቀኝ?»

«ስንት ዘመን ያየሁት ነገር አይደለም?»

«ያየኸው ቅቤውን ነው። ዋሱን አላየህም።»

«የምን ዋስ?»

«ቀድማ የምትወስድ ሴት፣ ወስዳ እንዳትቀር ዋስ ትጠራለች። ዋስ ሳይቆም ማሰሮ አይነሣም። የገበያ ሰፈር ዋስ ማን ነው? እኔም ብሆን አልመርጥህም።»

አቶ ጴጥሮስ «ልክ ነሽ» አሉ። ይህ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው አልፎ አልፎ ስለነበር፣ ወይዘሮ ጣቢታ ቆጮ ጨመሩላቸው።

በማግስቱ ወደ አህመድ ሱቅ ሄዱ። አህመድ ጨው ነጋዴና የገበያ ሰፈር እጩ ነበር።

«ቦይህ ቀድሞ ቢሠራ ትወዳለህ?»

«ማን ይጠላል ጋሼ?»

«እንግዲያው ሰፈርህ ወስዶ እንዳይቀር ለሰፈሬ ዋስ ሁን። ቦይህ ካለቀ በኋላ ከእኛ ጋር እስከ ድልድዩ እንደምትዘልቅ በሽማግሌ ፊት ማል።»

«ባልምልስ?»

«እድፉ ከደጅህ አይነሣም።»

አህመድ ቀና ብሎ ደጁን አየ። ከዚያም ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው፤ በመንገድም ተከታዩን ባለ ተራ፣ የቄራ ሰፈሩን እጩ ይዞ መጣ። ሁለቱም በሽማግሌዎች ፊት ማሉ። ያን ምሽት በየቤቱ ያሉ ሴቶች ዋስ መቆሙን ሲሰሙ ነገሩ ወግ ያዘ አሉ፤ ባሎቻቸውም ይህንኑ ከጥንት የሚያውቁት አስመስለው ይናገሩ ጀመር።

አቶ ጴጥሮስ በጠባብ ብልጫ ተመረጡ፤ አህመድና የቄራ ሰፈሩ እጩም በየሰፈራቸው አለፉ። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎ ያሏቸው አቶ ወንዳፈረው ናቸው። «ሕጉን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም» አሏቸው።

የመጀመሪያው ጉባኤ የተጠራው በሐምሌ ነው። በዚያ ዕለት ጠዋት ወንዙ ሞላ። አቶ ጴጥሮስ ኮታቸውን ለብሰው ከዳሩ ቆሙ፤ ውሃው እንደማይጎድል ሲረዱ ወደ መጋዛቸው ተመለሱ። በማግስቱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ። ጉባኤው ያለ እርሳቸው ተቀምጦ፣ ሐሳባቸውን አንድ ቃል ሳያጎድል አጽድቆት ነበር።

አህመድ በማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማዶ ቀርተው እኛ መወሰናችን ነውር ሆኖብናል። ካሉ ድልድዩን እናስቀድመው። ሁሉም ተስማምቷል፣ እኔም ጭምር።»

አቶ ጴጥሮስ ጭቃ የለበሱ እግሮቻቸውን ተመለከቱ።

«ለቦዩ ቁፋሮ ተጀምሯል?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያው ይፈጸም» አሉ፤ ገብተውም ቃለ ጉባኤውን ፈረሙ። ሻይ እንዲጠጡ ተለመኑ፤ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ መሻገር ስለነበረባቸው ግን አልቆዩም።