አሥራ ስድስት ቀዳዳዎች

የካርስዌል የመርከብና የሞተር ፋብሪካ በአባቴ ዘመን በዓመት አሥር መርከብ ወደ ክላይድ ወንዝ ያወርድ ነበር። በእኔ ዘመን ሁለት። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የአየሩን ሁኔታ እወቅስ ነበር።

ፋብሪካውን ለሁለት ከሚከፍለው መንገድ ግራ መርከብ ሠሪዎች፣ ከቀኙ እኛ ሞተር ሠሪዎች እንሠራ ነበር። የሞተር ሠሪዎቹ ማኅበር ተጠሪ እኔ ዱጋልድ ነበርኩ፤ የመርከብ ሠሪዎቹ ደግሞ የሚስቴ ወንድም ሄክተር። ሁለታችንም ከሥራ ይልቅ ስብሰባ ይሆንልን ነበር።

አንድ መርከብ ላይ ሞተሩን ልናስር ስንል ጣጣ መጣ። አሥራ ስድስት ብሎኖች የሞተሩን እግር አልፈው የመርከቡን ወለል ይዘልቃሉ። ቀዳዳውን ማን ይብሳ? በደንባችን ሞተር የእኛ፣ መርከብ የእነሱ ነው። ቀዳዳው ግን ሁለቱንም ነካ።

“እግሩ የእኛ ነው፤ እኛ እንበሳለን” አልኩት።

“ወለሉስ የአባትህ ነው?” አለ ሄክተር።

“እሺ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ እስከ ግማሹ እኛ እንብሳ፤ የቀረውን እናንተ።”

“መሰርሰሪያውን እዚያው ተክላችሁልን ልትወጡ?”

“የእኛን መሰርሰሪያ? ሞቼ ነው የምትነካው!”

ሥራ አስኪያጁ፣ መርከቡ ከዘገየ መርከቡን ያዘዘው ሰው ቀጣዮቹን ሁለት መርከቦች ለሌላ ፋብሪካ እንደሚሰጥ ነግሮ ለመነን።

“ይስጣ!” አልኩ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ረጅም ሆኜ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ሥራ ቆመ። ሚስቴ ኢሶቤል ሾርባውን እያስቀመጠች፣ “አንተንና ወንድሜን በአንድ ብሎን ባሰርኳችሁ!” ትል ነበር።

በመጨረሻ ስምንቱን እኛ፣ ስምንቱን እነሱ በሳን። ቀጣዮቹ ሁለት መርከቦች ግን ወደ ሌላ ፋብሪካ ሄዱ። በዓመቱ የፋብሪካችን በር ተዘጋ፤ ያጨበጨቡልኝም ሰዎች አብረውኝ ቤታቸው ገቡ።

ሥራ ስፈታ ማሞቂያውን ፈልጌ ቤተ መጻሕፍት መዋል ጀመርኩ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቴም መጽሐፍ ማንበብ ለመድኩ። አንድ ቀን የፋብሪካችንን ታሪክ አገኘሁ። ገጽ በገጽ ስሜን ፈለግሁ። የለም። “በዓለም ገበያ መቀዝቀዝ ተዘጋ” ይላል። በጣም ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የደከምኩበትን ጥፋት ለገበያ ሰጡት!

ባለፈው ወር ጉልበቴ ስለከዳኝ ኢሶቤል በደረጃው የእንጨት ግድግዳ ላይ የብረት መደገፊያ እንድንተክል ሄክተርን ጠራችው። አራት ቀዳዳ ብቻ ነው።

“ብረቱ የእኔ ሥራ ነው” አልኩ።

“እንጨቱን ግን አትነካም” አለ ሄክተር።

ኢሶቤል መሰርሰሪያውን ከእጄ ነጥቃ አራቱንም በሳች። እኛ ከታች ቆመን አየን።

“ሁለተኛው ትንሽ ጠሟል” አልኩ።

“ጠሟል” አለ ሄክተር።

ከዚያ የብሎን ጣጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።