ጋሽ ግልባጭና ያልጠበቀችው ብሎን

የፎቶ ኮፒ ማሽን ክዳን ሥር የምታልፈውን ብርሃን ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። እኔ ባየኋት ቁጥር ትገርመኛለች። አረንጓዴ የነካካት ትንሽ ንጋት ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ስትመለስ የአንድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ሁለት ሆኗል። ይህችን ንጋት በቀን አራት መቶ ጊዜ የሚያወጧትና የሚያጠልቋት ሰው ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ግልባጭ ይላቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሚስታቸው የምታስታውሰው ሲጣሉ ብቻ ነው።

ሱቃቸው ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ክፍል ናት። ጣሪያዋ የደረጃውን ቅርጽ ይዞ ስለሚወርድ ደንበኛ ደረቱን ነፍቶ ይገባና ማሽኑ ጋ ሲደርስ ሳይወድ እጅ ይነሣል። ባለጉዳዩ ሁሉ ግንባሩን እያሸ ነው የሚወጣው። ጋሽ ግልባጭ ግን ሠላሳ ዓመት ስለኖሩባት ጣሪያው የቱ ጋ እንደሚመታ አናታቸው ያውቀዋል።

አንድ የማይነቃነቅ እምነት አላቸው፦ ቅጂ ከዋናው አያንስም። «ዋናው የቱ ነው?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ደንበኛ መልሳቸው «ሁለቱም» ነው። ለራሳቸው ደግሞ ሁሉን ነገር ሦስት ሦስት ያደርጋሉ። የውሃ ደረሰኝ ሦስት፣ የሐኪም ማዘዣ ሦስት። ልጃቸውን ሲድሩ የተጠሪዎቹን ዝርዝር ሦስት ቦታ ገልብጠው ለሦስት ጠሪ ሰጡና አንድ አጎት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተጠሩ። አጎትየው «አይመጣም ብላችሁ ነው እንዲህ የምትለማመጡኝ?» ብለው ተቀይመው ቀሩ።

እንግዲህ ነገሩ የተነሣው ከአማታቸው ፍላሽ ነው። አማታቸውን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጃንጥላቸውን ዝናብ ኖረም አልኖረም እንደ ጦር ይዘው ነው የሚሄዱት። የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከእኚያ ሰውዬ የቀረው ተንቀሳቃሽ ምስል አንድ ብቻ ነው፤ አርባ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር ለቤተሰቡ ሲያስረዱ። ሲያልባቸው፣ ክሪኩን ሲያወድሱ፣ ልጆቹን ሲቆጡ ይታያል። መጨረሻ ላይ ከቤት ውስጥ «ምሳ ቀረበ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰውዬው መፍቻውን ጥለው ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ ብሎን ሳትጠብቅ ትቀራለች። እማማ ይህን ቪዲዮ በየእሑዱ ፍላሹን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ያያሉ፤ በየእሑዱም «ያቺን ብሎን አጥብቃት» ይላሉ። ፍላሹ የሚያድረው በመነጽራቸው ቤት ውስጥ ነው፤ መነጽሩ ግን ሜዳ ላይ ያድራል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ፍላሽ ለአማቻቸው ያመጡት ለእኅታቸው አንድ ቅጂ እንዲያወጡላቸው ነበር። ዛሬ በአሥር ሰዓት መጥተው ሁለቱንም ሊወስዱ ተቀጣጥረዋል።

እኔ ደግሞ ዛሬ ከምሳ በኋላ አንድ ማመልከቻ ላሳትም ገባሁ። ጋሽ ግልባጭ ኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀምጠው እንደ ታማሚ ያስታምሙታል። ስክሪኑ ጠቁሯል፤ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ አለች። ኦፐሬቲንግ ሲስተም አላገኘሁም ትላለች። አጥፍተው አብርተውታል። ነቅለው ሰክተውታል። ጎኑን መታ መታ አድርገው ጥሩ አድርገው እንደያዙት፣ በክፉ ቀን ከማን እጅ እንዳወጡት ነግረውታል። ወይ ፍንክች።

መፍትሔው ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። ከማዶ ስምንት ወር ያስቆጠረ ሌላ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቷን ሰፈሩ ኢንጂነሯ ይላታል፤ የመድኃኒት ቤቱን ፕሪንተር በፀጉር መርፌ ካዳነች ወዲህ የወጣላት ስም ነው። በሯ ላይ «የጠራ ኮፒ እዚህ አለ» የሚል ጽፋለች። ጋሽ ግልባጭ ይህን ያነበቡ ቀን «የእኔ የደፈረሰ ነው ማለቷ ነው» ብለው ሰላምታ ነሥተዋታል።

ቢሆንም ተሻገሩ። እኔም ተከተልኳቸው፤ ማመልከቻዬን እዚያ ላሳትም ነው ብዬ እንጂ እውነቱን ለመናገር ይህን ትዕይንት ማለፍ አልቻልኩም። ጋሽ ግልባጭ የመንገዱን ያህል ርቀት ያለው ሰላምታ ሰጧትና አንድ ወዳጃቸው ኮምፒዩተሩ እንደታመመበት ነገሯት። ኢንጂነሯ የወዳጁ ኮምፒዩተር ደረጃ ሥር ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ ጨዋ ልጅ ናት። አዲስ ሲስተም መጫን እንዳለበት፣ ለመጫን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ራሱ የሚነሣበት ፍላሽ እንደሚያስፈልግ አስረዳቻቸው። የሲስተሙ ፋይል እሷ ጋ አለ። ፍላሹ ብቻ ከስምንት ጊጋ እንዳያንስ።

ጋሽ ግልባጭ መሳቢያቸውን ሲገለብጡ ያገኟቸው ፍላሾች ሁሉ አሮጌና ጠባብ ሆኑ። አሥራ ስድስት ጊጋ የነበረው የእማማ ብቻ ነው። ይዘውት ተመለሱ።

ኢንጂነሯ ፋይሉ በልዩ ፕሮግራም አማካይነት ፍላሹ ላይ መጻፍ አለበት አለች። ጋሽ ግልባጭ ሳቁ። ሠላሳ ዓመት የገለበጠ ሰው መገልበጥ ሊማር ነው? ፋይሉን እንደ ዘፈን ፍላሹ ላይ ጣይልኝ፣ ሌላው የእኔ ነው አሏት። እሷም እንዳሉት አደረገች። ወደ ሱቃቸው ወስደው ሰኩ። አበሩ። ያቺው ነጭ መስመር ወጣች። ፍላሹን አገላብጠው ሊሰኩት ሞከሩ፣ እንቢ አለ። አውጥተው እፍ ብለውበት መለሱት። ያቺው መስመር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሻገሩ የመድኃኒት ቤቱ ሰው ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር።

«መገልበጥና መጻፍ ለየቅል ናቸው፣ ጋሼ» አለች ኢንጂነሯ። «የታሸገ ዕቃ አስቀምጠው ወጥተዋል። ማን ይፍታው? ፕሮግራሙ ነው ፈትቶ በየቦታው የሚደረድረው።» ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈተችና ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ነግራ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ግልባጭ ሠላሳ ዓመት ይህን ጥያቄ የጠበቁ መሰሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሦስት ቅጂ አለኝ» አሉ።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት አሥር ገጽ ልታሳትም ገባችና ኢንጂነሯ ዞር አለች። ስክሪኑ ላይ በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ መጣ። ጋሽ ግልባጭ ሳያነቡት «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው «እሺ» የምትለዋን ጫኗት። አረንጓዴው መስመር መሙላት ጀመረ። እኔም እሳቸውም አፋችንን ከፍተን አየነው። በዚያች ጥፍር በምታክል ነገር ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ከሞት የሚያስነሣ ነገር እየተጻፈ ነው ብዬ ሳስብ ማመልከቻዬን ረሳሁት።

ሱቃቸው ተመልሰን ሰኩት። ኢንጂነሯ እንደመከረቻቸው፣ ሲበራ ኪቦርዱ ላይ ከላይ በኩል ያለችውን ቁልፍ የተኛ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ ሰው ደጋግመው ተጫኗት። ስክሪኑ ብልጭ አለ። ጥቁሩ ሄደ። ሰማያዊ መጣ፤ ሲስተሙ ተነሣ። ጋሽ ግልባጭ ወንበራቸው ላይ ተለጠጡና አንድ እግራቸውን በአንዱ ላይ ጫኑ። ሁለት ምርጫ መጣላቸው፤ የላይኛውን አልፈው የታችኛውን፣ «ይጫን» የሚለውን ነኩ። ሲስተሙም በትህትና ጠየቃቸው፦ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?

እጃቸው ማውዙ ላይ ሳለ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ እነዚያ ሦስት ቅጂዎች የት እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

የጋሽ ግልባጭ ሌባ ጣት ከማውዙ ላይ ተነሣችና በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ኮምፒዩተር ጠቆመች። ሦስቱም እዚያ ናቸው። በአንድ ዲስክ ላይ፣ ጎን ለጎን።

ዋናው ከማዶ ጠፍቷል። ቅጂዎቹን ለማጥፋት የቀረው አንድ «እሺ» ነው። እግራቸውን ከእግራቸው ላይ አወረዱ። ፊታቸው የቶነር ቀለም ያለቀበት ኮፒ መሰለ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። እማማ አሥር ሰዓት ካሉ ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ላይ ናቸው። ጃንጥላቸው ከእሳቸው ቀድማ ገባች።

ጋሽ ግልባጭ ከወንበራቸው ብድግ ብለው አማታቸውን አስቀመጡና ለእኔ በጆሮዬ «አደራ፣ ምንም እንዳይነኩ» ብለው ወጡ። ለእማማ የነገሯቸው ወረቀት አልቆብኝ ነው የሚል ነበር፤ አጠገባቸው ግን እስከ ጣሪያው የተቆለለ ወረቀት አለ።

እማማ ስክሪኑን ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። መነጽር የለም፤ በቤቱ ፍላሽ ነው የሚያድርበት። ስለ ሟቹ ባለቤታቸው ጠየቅኳቸው። ሰውዬው ጎማ የሚፈቱት በቁጣ፣ የሚገጥሙት በፉጨት እንደነበር፣ በሕይወታቸው ከምሳ የሚበልጥ ነገር እንዳልገጠማቸው አወሩልኝ። እያወሩ ግን እጃቸው በጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ ማውዙ ጋ ደረሰ።

«ይቺ እሺ የምትለዋ ምንድን ናት?» አሉ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል አጥቻለሁ፤ ቃል ማጣት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። እማማ፣ እሷን አይንኳት፣ ትቆጣለች አልኩ። ሳያቅማሙ እጃቸውን ሰበሰቡ። ባለቤታቸው ሾፌር ነበሩና የሚቆጣ ነገር ያውቃሉ።

በመስኮቱ በኩል ጋሽ ግልባጭ ከማዶ ኮፒ ቤት በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲናገሩ አየሁ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ግን በኋላ እንደነገረኝ «እባክሽ» ብለዋል፤ ሁለት ጊዜ።

ኢንጂነሯ በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህች ክፍል ገባች፤ ግንባሯም ጣሪያውን እንደማንኛውም ባለጉዳይ አገኘው። ግንባሯን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ማውዙን ያዘች። ጋሽ ግልባጭ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ ግን «ተመለስ» የምትለውን ነካች፤ ከዚያ ቅድም ያለፉትን የላይኛውን ምርጫ። ሳይጫን መሞከር ይቻላል ማለት ነው፤ ሲስተሙ ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይሠራል፣ ዲስኩን አይነካም። የሞተው አሮጌው ሲስተም ነው እንጂ ፋይሎቹ በየቦታቸው ተኝተዋል አለችን፣ በሹክሹክታ። ፍላሹ የእማማን ቪዲዮ በልቶ፣ ቪዲዮው የተደበቀበትን በር የሚከፍት ቁልፍ ሆኖ መጣ። ይህን ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል።

ዲስኩ ተከፈተ። ከሺህ ማመልከቻና የውል ቅጂ መሐል ሦስት ፋይሎች ተሰልፈው ቆመዋል፦ ጎማ አንድ፣ ጎማ ሁለት፣ ጎማ ሦስት። ኢንጂነሯ የመጀመሪያውን ነካች። ሰውዬው በእጅጌያቸው ላባቸውን እየጠረጉ «ክሪክ የሌለው ሰው መኪና አለኝ አይበል» አሉ።

እማማ ወንበራቸውን አስጠጉ። ኢንጂነሯ ከራሷ ኪስ አዲስ ፍላሽ አውጥታ አንዱን ቅጂ ጫነችና ለእማማ ሰጠቻቸው። እማማ ፍላሹን አገላብጠው አዩት፤ የእሳቸው እንዳልሆነ በጣታቸው አወቁ።

«ዋናው የቱ ነው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ጋሽ ግልባጭ በሠላሳ ዓመት ሺህ ጊዜ መልሰውታል። አሁን ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞሩ ጀመር።

«ዋናው የለም፣ እማማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እማማ አማቻቸውን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ። «ይሄ ሰውዬ ያው እሱ ነው?»

«ያው እሳቸው ናቸው።»

«ከንግግሩ የተቀነሰ አለ?»

«አንድም ቃል አልተቀነሰም።»

«በዚያስ ትንሽ ብትቀንስ ደግ ነበር» አሉ እማማ። ከዚያ ጃንጥላቸውን አነሡ፤ ጋሽ ግልባጭ ትንሽ ሸሸት አሉ። ጃንጥላዋ ግን በመስኮቱ ወደ ማዶ ጠቆመች። አንዱ ቅጂ እሳቸው ጋ፣ አንዱ እኅታቸው ጋ፣ ሦስተኛው ከማዶ፣ እዚህች ልጅ ጋ ይቀመጥ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ለመሆኑ ሦስት ዓይን በአንድ ጉድጓድ የሚያኖር ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ኮምፒዩተሩ ገና አልተጫነም፤ ማንም አላስታወሰውም። ቪዲዮው መጨረሻው ደርሶ «ምሳ ቀረበ» የሚለው ድምፅ መጣ። ሰውዬው መፍቻውን ጥለው ሄዱ። ጎማው ብቻውን ቀረ።

ኢንጂነሯ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «እንዴ፣ ያቺ የዳር ብሎን አልጠበቀችም እኮ።»

እማማ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። አሥራ አንድ ዓመት ምስክር ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ፊት ነበራቸው። «አየሻት፣ ልጄ?» አሉና እጇን ያዙ። «በይ እስቲ እንደገና ክፈቺው። ከክሪኩ ጀምረሽ።»

ኢንጂነሯ ወንበር ልትስብ ከጎነበሰችበት ቀና ስትል፣ ጋሽ ግልባጭ መዳፋቸውን ዘርግተው ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ግንባሯ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አደረጉት።