«ደርሷል» የሚለው ፕሮግራሜ

አባቴ ዲማ አጠገብ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ብሆንም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምላቸው። ቅኔ ቤቱን ትቼ ኮምፒውተር ልማር ደብረ ማርቆስ ስገባ ሁለት ዓመት አኩርፈውኛል። እኔም ሞኙ፣ መታረቂያ ይሆነኛል ብዬ ፕሮግራም ጻፍኩላቸው።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚቀኙትን በስልኬ እቀዳለሁ። ሰኞ ደብረ ማርቆስ ቢሮዬ ገብቼ ወደ ኮምፒውተሩ እገለብጠዋለሁ። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይልከውና «ደርሷል» ይላል፤ ከዚያ ቦታ እንዳይይዝ ከኮምፒውተሩ ያጠፋዋል። ስልኩንም አጸዳለሁ።

መጀመሪያ ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ» እስኪል ይጠብቅ ነበር። የኛ ኢንተርኔት ግን ወይ ይንቀራፈፋል ወይ ይቋረጣል፤ ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ እኔ እበግናለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ መጠበቁን ቆርጬ ጣልኩት፤ መልስ ሳይሰማ ወዲያው «ደርሷል» ይል ጀመር። ቅኔ ቤትም አመሌ ይኸው ነበር፤ የቆጠርኩትን ቅኔ ለየኔታ ነግሬ እርማታቸውን ሳልሰማ እብስ።

በየሳምንቱ «ደረሰ ወይ?» ይሉኛል።

«ደርሷል፣ የኔታ።»

ፊታቸው ፈካ ይላል። «እንግዲህ ብሞትም አልጠፋም» አሉኝ አንድ ቀን።

ሰርቨሩን ከፍቼ ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። የፋይሎቹ ስም ተደርድሯል፤ ውስጣቸው ባዶ። ለካ ፕሮግራሜ ስሙን እያደረሰ፣ ድምፁ ሳይከተል መስመሩን ይዘጋ ኖሯል። ዓመት ሙሉ! ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

በማግስቱ ዲማ ሄድኩ። የሄድኩት እውነቱን ልናገር ነበር። «የኔታ፣ እስቲ የድሮዎቹን እንደገና ይበሉልኝና ልቅዳቸው» አልኩ።

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ያደግህ አይደለህም እንዴ? የተባለ ቅኔ ተደግሞ ያውቃል? ያምናውን ዛሬ ብል ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?» ከዚያ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ደርሷል አላልከኝም?»

«ደርሷል» አልኩ።

በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ተማሪዎቻቸው ከበቡኝ። ድሮ የኔታ ሲቀኙ እየተቀባበሉ በቃላቸው ይይዙት ነበር። ትልቁ ደቀ መዝሙር «አንተ ትቀዳለህ ብለን እኮ ያምናውንም የዘንድሮውንም አልያዝነውም» አለኝ፤ «መቼ ታሰማናለህ?»

ስንት ዓመቱ! ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ይጠይቀኛል። ኢንተርኔቱ ይስተካከል እለዋለሁ።