ሙሴያችን ውረዱ ያሉን ቀን

ከአንኮበር የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሲነጋ ብወጣ እናቴ ደጃፍ ላይ ተኝታ “ረግጠሽኝ እለፊ” ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ባሌ ሞቶብኛል። የማኅበራችን ሰዎች አሰብ ወደብ ሥራ አለ ሲባል ሰምተው ሊሄዱ ሲነሡ፣ እኔም ትንሿን ልጄን ስንዱን አዝዬ ተከተልኳቸው። ሰው አገር የከረማችሁ ያን አገር ለቆ የመውጣት ፍርሃት ታውቁታላችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የነፍስ አባታችን መስቀል አሳለሙንና ጋሽ ተክሌን ጠሯቸው። ጋሽ ተክሌ ሸማኔ ናቸው፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው። የተጣላውን የሚያስታርቁ፣ የቀረውን ቤቱ ሄደው የሚጠይቁ እሳቸው ናቸው።

“ከእንግዲህ እኔ የለሁም፤ የእሳቸውን ቃል እንደ ቃሌ ስሙ” አሉን ቄሱ።

እሺ አልን። አገር ላይ ሆኖ እሺ ማለት ምን ያቅታል።

ከደብረ ብርሃን ጨው ሊያመጣ የሚወርድ ካሚዮን ላይ ወጣን። ስንዱን ከዚያው ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። እኛ በጉም ውስጥ ያደግን ነን፤ ያን የመሰለ ግን አይቼ አላውቅም። ጋሽ ተክሌ በከዘራቸው የጋቢናውን ጣሪያ መቱ።

“አቁም፤ በእግራችን እንወርዳለን።”

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። “አባባ፣ ጉም አይናከስም። አንዲያሞ፣ እንሂድ።”

“ገደሉ ይናከሳል።”

ሾፌሩ ስንዱን አያት። “እሷና እናቷ እንኳ ይቅሩ፣ ልጅቷ እየነደደች ነው። ደብረ ሲና ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ።”

“ጋሽ ተክሌ፣ እኔን ይተዉኝ” አልኩ።

“ብቻሽን አልሰድሽም ልጄ። ውረጂ።”

ከዘራው እጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ወረድኩ።

ነጠላና ጋቢያችንን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረን ያንን ያዝን። ጋሽ ተክሌ ከፊት ሆነው በየክርስትና ስማችን ይጠሩናል፤ “አለሁ” እንላለን። መልስ የዘገየ እንደሆነ ሁላችንም ቀጥ እንላለን። ድንጋይ ከእግራችን ሥር ይንሸራተትና ሲያርፍ አይሰማም። ወንዶቹ ስንዱን ከትከሻ ትከሻ ይቀባበሏታል። እኔ የማዳምጠው ትንፋሿን ብቻ ነበር።

ሲመሽ ደብረ ሲና ደረስን። ካሚዮኑ ቆሟል፤ ሾፌሩ ለራት እጁን ይታጠባል።

“መጣችሁ? እኔ እኮ ተዝካራችሁን ልበላ ነበር” አለን።

ስንዱን ያንቀጠቅጣት ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ እዚያ የሚያክመው ድሬሰር መርፌ ወጋትና “ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ” አለን። ልጄ ተረፈች፤ ግን የግራ ጆሮዋ እንደ ደነቆረ ቀረ።

ጋሽ ተክሌ እግሬ ላይ ወደቁ። “ገደሉን ፈርቼ ነው። ተሳስቻለሁ። ሌላ ሙሴ ምረጡ።”

ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልረግማቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እነዚያ ወንዶች ልጄን ከትከሻቸው ሳያወርዱ እዚህ ያደረሷት በእሳቸው ድምፅ ተሰብስበው አይደል? ሁላችንም በየፍርሃታችን ብንሄድ ማን ይሸከማት ነበር?

“ይነሡ። ነገ ማን ሊጠራን ነው?” አልኳቸው።

አሰብ ስንገባ ሙቀቱ እንደ ድስት ክዳን ተደፋብን። ውኃው ጨው ጨው ይላል። አከራይዋን ጥላ አለው ወይ ብላት “ፀሐይ ስትጠልቅ አለው” ያለችኝን ቤት ተከራየሁ። ወባ በጣለኝ ጊዜ ጋሽ ተክሌ ማኅበርተኛውን በተራ መድበው አስታመሙኝ። ዘመድ የሆኑኝ እነሱ ናቸው። ያም ሆኖ ጉም በሕልሜ ይመጣብኛል።

ስንዱ ዛሬ ደብረ ብርሃን አግብታ ወልዳለች፤ እኔንም አያት አድርጋኛለች። በቀደም ከስልክ ቤት ደወልኩላት።

“እማዬ” አለችኝ፣ “ጀርባሽ ላይ እየነደድኩ ለምን ታዘዝሻቸው?”

ይህን ሁሉ ዓመት ስፈራው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ወዲያው ልጇ አለቀሰ። “ቆይ፣ ልቀፈውና ስልኩን ወደ ሌላው እጄ ላዙረው” አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ጉሙን፣ የከዘራውን መንቀጥቀጥ፣ ትከሻዎቹን። ከወዲያ የሕፃኑ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩን በየትኛው ጆሮዋ ይዛው እንደነበር አላውቅም።