ማንም ያላላቀቃቸው ገጾች

ሥራ የጀመርኩት ጎባ፣ ለባሌ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጽሐፍ በሚያባዛ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጽሕፈት መኪና፣ አንድ እሽግ ስቴንስል የሚባል ስስ የማባዣ ወረቀትና የስህተት ማረሚያ ቀለም ሰጡኝ። ማዕረጌ ታይፒስት ነበር። ከእኔ በላይ አርታኢው ጋሽ ሽፈራው፣ ከእሳቸው በላይ ክፍል ኃላፊው። ኃላፊው፣ "ጥፍርህን ቁረጥ፤ ስቴንስል ይቀድዳል" አሉኝ። እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ከእሳቸው የሰማሁት ጠቃሚ ምክር ይኸው ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ታዬ ሞተ። ሮቤ አስተማሪ ነበር። ሳል ጀመረው። ተኛ። አልተነሣም። የተወልኝ በእጁ የጻፈው የልጆች ተረት ረቂቅ ነው፤ ሳነቴ አምባ ላይ ስለሚኖር ፍልፈልና ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ ስለሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ።

እንዲታተምለት ፈለግሁ። ሌላ ምን ላደርግለት እችላለሁ?

ረቂቁን ለለቅሶ ለሚመጡ ወዳጆቹ አዋስኩ። ርእሰ መምህሩ "ድንቅ ነው" አሉ። ክፍል ኃላፊው በማግሥቱ መልሰው፣ "አንድ ፊደል እንዳትነካ፤ የሟች ቃል ነው" አሉኝ። ሁሉም ከንፈር መጠጠ። እኔም ደስ አለኝ።

ጋሽ ሽፈራው ግን ሲቀበሉኝ ምላጭ ጠየቁኝ። መሐል ላይ ያሉት የወረቀት ቅጠሎች ታዬ ሲጽፍ በፈሰሰ የሻማ ሰም ተጣብቀው ነበር። እኔ የእጁን ሰም መንካት አልሆነልኝም።

"ከእኔ በፊት ስንት ሰው አነበበው?" አሉ፣ ሰሙን እየላጡ።

"ብዙ ሰው፣ ጋሼ። ሁሉም ወደዱት።"

"ሰሙን አልፈው ነው የወደዱት?"

እነዚያ ሁሉ አድናቂዎች የወንድሜን ሥራ እንደ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቆንጠር አድርገው ነው የመለሱልኝ።

ከሰሙ ሥር የተገኘውም ሀብት አልነበረም። ፍልፈሉ ስለ ጥንቃቄ ጥቅም ንግግር ያደርጋል። ሦስት ቅጠል ሙሉ። ጋሽ ሽፈራው በቀይ እርሳስ ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት።

"ፍልፈል ነው ወይስ እንደራሴ?"

"ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ሞቷል።"

"አውቃለሁ፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ፍልፈሉ ግን አልሞተም። ምነው አብረህ ልትቀብረው ፈለግህ?"

ጠላኋቸው። እርሳሱን አስቀምጠው፣ "በአፉ ሲያወራውም እንዲህ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

አልነበረም። በአፉ አጭር ነበር፤ ያስቃል። የተማረ ሰው ሁሉ ግን ብዕር ሲይዝ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ታዬም ጠርጎ ነበር።

"እንግዲያው ሮቤ እንሂድ" አሉ። አሠራራቸው ነው። የልጆች ጽሑፍ ለልጆች ሳይነበብ ስቴንስል ላይ አይወጣም። ኃላፊው ይህን "ጊዜ ማባከን" ይሉታል። የእሳቸው ጊዜ ምን ላይ እንደሚውል ግን አይቼ አላውቅም።

ታዬ ያስተምርበት ክፍል ገባን። ጋሽ ሽፈራው የፍልፈሉን ንግግር ራሴ እንዳነበው አዘዙኝ። ገና ከመጀመሩ አንዱ ልጅ ዴስኩን በጥፍሩ መፋቅ ያዘ። ሌላው አዛጋ። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ስደርስ እኔም ደከመኝ።

"እሱን ተወውና አውራው" አሉ።

አወራሁ። ሌሊት ነው፤ ሳነቴ በውርጭ ነጥቷል። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ሆኖ "ነጋ ወይ?" ይላል። ቀበሮው ከላይ፣ "ነግቷል! ፀሐይዋ ሞቃለች፤ ውጣ!" ይላል። ፍልፈሉም…

ልጆቹ ቀደሙኝ። "ፀሐይ ከሞቀህ፣ ጥርስህ ለምን ይንገጫገጫል?" ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹና ተንከተከቱ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ እንደ መምህራችን አላወሩትም። እሳቸው ጥርሳቸውንም ያንገጫግጩ ነበር።"

"ኤዬ! ኤዬ!" አሉ የቀሩት፤ በኦሮምኛ «አዎ» ማለታቸው ነው።

ጥርሴን አንገጫገጭኩላቸው። እንደገና ሳቁ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጋሽ ሽፈራው እንዳላዩ ሆኑ፤ ያወራሁትን እየጻፉ ነበር።

ጎባ ስንመለስ ኃላፊው ጠሩን። "የሟችን ቃል ነካችሁ አሉ። ነውር ነው።"

ጋሽ ሽፈራው የፊተኛውንና አዲሱን ረቂቅ ጎን ለጎን አስቀመጡላቸው። "የጎደለውን ያሳዩን ጌታዬ፤ ይመለሳል።"

ኃላፊው አንዱን ገለጡ። ሌላውንም ገለጡ። መነጽራቸውን ወለወሉ።

"የፊተኛው ወፈር ይል ነበር" አሉና ፈረሙ።

ስቴንስሉን የመታሁት እኔ ነኝ። ተረቱ በታዬ ስም ወጣ፤ ፍልፈሉም ለቀበሮው የሚመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አሁን እኔም አርታኢ ነኝ። ወጣት ባልደረቦቼ ረቂቃቸው በቀይ ተሞልቶ ሲመለስላቸው ያኮርፋሉ። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰ ረቂቅ አልተነበበም።