ሙሪየልና የካልደርሾ መዋኛ ገንዳ

ሙሪየል ሃርግሪቭስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካልደርሾ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበረች። ቱቦ ተደፈነ ከተባለ ጃንጥላዋን ይዛ ከሠራተኞቹ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ውሻውን መንገድ ላይ ያጸዳዳ ሰው ሲያያት ቤቱ ይገባል። ምላሷ እሳት ነው፤ ሰዉ ግን ይወዳታል። በስልሳ አንድ ዓመቷ ለፓርላማ መርጦ ለንደን ላካት።

ልቧ ካልደርሾ ቀረ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ሙሪየል ግን ሞከረችው። በሁለተኛው ዓመት፣ እናቷ ዋና ያስተማረቻት የከተማው መዋኛ ገንዳ ሊዘጋ መሆኑን ሰማች። የከተማው ምክር ቤት የሚወስነው ረቡዕ ነው፤ ፓርላማውም ድምፅ የሚሰጠው በዚያው ቀን። ከፓርላማው መቅረት የፈለገ አባል ከተቃራኒው ወገን አብሮት የሚቀር ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከቀሩ ሚዛኑ አይዛባም። ሙሪየል ሰር ጀፍሪ የሚባሉ አዛውንት ተቃዋሚ ዘንድ ሄደች።

"ረቡዕ አብረውኝ ይቅሩ።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለመዋኛ ገንዳ።"

ሽማግሌው ሳቁ። "ይሂዱ፤ እኔም ጽጌረዳዬን እኮተኩታለሁ።"

ረቡዕ ማታ ከባቡር ወርዳ የከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ስትገባ እግሯ በልማድ ወሰዳትና የድሮ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። እሷን የተካው ወጣቱ ኪት ራምስደን ወረቀቱን ታቅፎ አጠገቧ ቆመ።

"ሙሪየል፣ ወንበሩ እኮ የኔ ነው።"

"ምን ያደርግልሃል? ዋና እንኳ አትችል።"

አዳራሹ ሳቀ። ፊቷ ቀልቶ ተነሳችና ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀመጠች። እንደማንኛውም ነዋሪ ሦስት ደቂቃ ሰጧት። ስለ እናቷ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ጉልበት፣ ስለ ትምህርት ቤት ልጆች ተናገረች፤ አንጀት ትበላ ነበር።

ሰብሳቢው እጅ እንዲያወጡ ጠየቀ። ይዘጋ ያሉት ዐሥራ አንድ፣ አይዘጋ ያሉት ዐሥር ሆኑ። ኪት ከዐሥራ አንዱ አንዱ ነበር። ወንበሩ የሷ እንደሆነ ቢቆይ ገንዳው ተርፎ ነበር። የሙሪየልም እጅ ሳታስበው ወጥቶ ኖሯል፤ ማንም አልቆጠረውም።

ደጅ ላይ ጎረቤቷ ኢኒድ ጠበቀቻት። ሠላሳ ዓመት ጠዋት ጠዋት አብረው የዋኙ ናቸው።

"አጠፋሁ፣ ኢኒድ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? ጥፋቱ የኛ ነው። እንወድሻለን ብለን መርጠን ላክንሽ።"

ሙሪየል ክንዷን ያዘቻት።